ጸጥታው የተመሰገነ ትምህርት ቤት

ሮቢት፣ የካቲት 1966 ዓ.ም.

ይድረስ አሰብ ወደብ ጆንያ ለምትሸከመው ወንድሜ ፈንታው። ሙቀቱ ሳያቀልጥህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

ስለ ትምህርት ቤታችን ጠይቀኸኛል። ጥንካሬው አለንጋው ነው፤ ድክመቱ የቀረው ሁሉ። መምህር ታፈረ በዚህ ድርቅ «ገንቢ ምግብ» እያለ ሰሌዳ ላይ እንቁላል ይስላል፤ ያውም ድንች የሚመስል እንቁላል! ባለፈው ከደሴ ኢንስፔክተር መጥቶ፣ «የዚህ ክፍል ጸጥታ ለጠቅላይ ግዛቱ አርአያ ነው» ሲለው ያ ደንቆሮ ደረቱን ነፋ። ለመጮኽ አቅም ያለው ልጅ ከየት ይምጣ!

ጸጥታውን ላፈርስ ብዬ የመምህሩ ኮት ኪስ ውስጥ እንሽላሊት ከተትኩ። ጠመኔ ሲፈልግ ነክቷት ጠረጴዛው ላይ ዘሎ ወጣ። ማንም አልሳቀም። ድሮ በእኔ ቀልድ ሆዷን ይዛ የምትንከባለለው እህታችን የሻረግ እንኳ ራሷን ከዴስኩ ቀና አላደረገችም።

«አንቺ፣ አላየሽውም?» ብላት፣

«አይቻለሁ፤ ነገ እስቃለሁ» አለችኝ።

ሰነፍ! እቤት ድረስ አዝያት ገባሁ፤ ምንም አልደከመኝም።

እማዬ «ሁላችንም ደህና ነን ብለህ ጻፍ» ስላለችኝ፣ ሁላችንም ደህና ነን። አንተ ግን ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውን ተውና አሁን ና።

ናፋቂህ፣ ታናሽህ ጌጡ