በምሳ ምክንያት ስለተነፈግሁት የማስተርስ ድጋፍ

ለተከበሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር ጽኑ፣ ዕድሜዎም እንደ ቢሮዎ ወረፋ ረጅም ይሆንልዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ኡመይማ አማን እባላለሁ፤ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ከእናቴ ከጀዊሪያና በገበያው ባልዲና ጀሪካን ከሚሸጠው አባቴ ጋር እኖራለሁ። ካቻምና ክረምት ከተራራው የወረደ ጎርፍ ቤታችን ገብቶ ሶፋውን፣ ምንጣፉንና ቴሌቪዥኑን ካበላሸብን ወዲህ፣ ይህ ውሃ በየት በኩል መሄድ ነበረበት የሚለው ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ስለዚህ የከተማ ጎርፍን ላጠና ብዬ የማስተርስ መግቢያ ፈተና ተፈተንኩ። ጥፋቴ ማለፌ ነው፤ በማለፌ ወደ እርስዎ ቢሮ መጣሁ።

ውለታችሁ ስለበዛብኝ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ አማራጭ ስላበዛችሁልን አመሰግናለሁ። አንዱ አማራጭ በረዳት መምህርነት እየሠሩ መማር ሲሆን፣ ለቦታው የሚጠየቀው የማስተርስ ዲግሪ ብቻ ነው። ማስተርሴን ስጨርስ ማስተርሴን እንድጀምር እንደምትረዱኝ በመስማቴ ልቤ በተስፋ ተሞላ። ሌላው ብድር ነው፤ ደመወዝ ያለው ዋስ አምጪ ተባልኩ። አጎቴን ፈሀድን ይዤ ስቀርብ፣ ባልደረባዎ የደመወዙን ማስረጃ አገላብጠው አይተው፣ «እንዲህ ያለ ዘመድ እያለሽ ብድር ምን ያደርግልሻል?» ሲሉ በትሕትና አሰናበቱን። አጎቴ ደመወዝተኛ ስለሆነ እስከ ታክሲው ድረስ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ሄደ።

ሁለተኛ፣ ቤታችን ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የቀረው አማራጭ ለችግረኛ ቤተሰብ ልጆች የሚሰጠው ድጋፍ ስለነበር፣ ቢሮዎ ችግራችንን በዓይን የሚያረጋግጥ ቡድን እንደሚልክ አስታወቀን። እናቴ የሰማችው ግን «እንግዳ ይመጣል» የሚለውን ብቻ ነው። «እማ፣ የሚመጡት እኮ ማጣታችንን ሊያዩ ነው» ብላት፣ «ማጣታችንን ቁጭ ብለው ይዩታ! መሬት ላይ ላስቀምጣቸው ነው?» አለችኝ። በማግሥቱ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዓለምፀሐይ ሶፋና ቴሌቪዥን፣ ከላይኛው ቤት ደግሞ ምንጣፍ መጣ። አባቴ ለኢድ ካልሆነ የማይገዛውን ሥጋ ገዛ። እትዬ ዓለምፀሐይ ጾም ላይ ቢሆኑም ቆጮውን ሲቆርሱ አረፈዱ።

ባለሙያዎችዎ መጡ፤ ክትፎው ቀረበ። የቡድኑ መሪ በቃኝ ቢሉም፣ እናቴ «በሞቴ» እያለች ሁለት ጊዜ ጨመረችላቸው። እጃቸውን ታጥበው፣ መርቀውን፣ ሶፋው ላይ ደገፍ ብለው፣ «የቤተሰቡ አኗኗር የተሟላ በመሆኑ ድጋፍ አያስፈልገውም» ብለው ጻፉ። ምርቃቱ እንዲህ ፈጥኖ ሲደርስ በዕድሜዬ አላየሁም።

ሦስተኛ፣ አቤቱታዬን ተቀብላችሁ ዳግመኛ ስለጎበኛችሁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በዚህ ጊዜ እናቴን ለምኜ፣ አባቴን አስለምኜ፣ ዕቃውን ሁሉ መለስን። ባለሙያዎችዎ ሲገቡ ያገኙት ሁለት ፍራሽና ጎርፉ ግድግዳው ላይ የተወውን ቡናማ መስመር ነበር። እናቴ በኀፍረት ጓዳ ገብታ አልወጣችም። የቡድኑ መሪ ዙሪያውን አይተው፣ «ያ ሁሉ ዕቃ የት ገባ?» ሲሉ ጠየቁ። አባቴ ውሸት አያውቅበትም፤ «ለጎረቤት ሰጠነው» አለ። የተዋስነውን መለስን ማለቱ ነበር። እርሳቸው ግን በአድናቆት ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ቤተሰቡ ሙሉ የቤት ዕቃውን ለጎረቤት እስከ መለገስ የደረሰ አቅም እንዳለው መዘገቡ።

ቀጥሎ ለሆነው ቁጥር መስጠት አልቻልኩም። ከቢሮዎ «ለክቡር ለጋሽ አቶ አማን» የሚል ጥሪ መጣልን፤ አንድ ችግረኛ የማስተርስ ተማሪ ወስዶ እንዲያስተምር አባቴን የሚጋብዝ። እኔና እናቴ ሳቅን። አባቴ አልሳቀም። የሠርግ ኮቱን ለብሶ፣ ሱቁን ዘግቶ ቢሮዎ መጣ፤ ጀሪካኑንም ባልዲውንም ሸጦ ቢሆን ለጋሽ እንደሚሆን፣ የሚያስተምራትም ችግረኛ ተማሪ ኡመይማ አማን እንደምትባል ነገራችሁ። ለጋሽ የገዛ ልጁን መርዳት እንደማይችል፣ ይህም አድልዎን ለመከላከል የወጣ መመሪያ መሆኑን በአክብሮት አስረዳችሁት።

ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ከባልዲዎቹ መካከል ተቀመጠ። ምን አሉህ ብዬ ስጠይቀው፣ «ልጄ፣ ለመርዳትም ለመረዳትም አልበቃንም» አለኝ። አባቴ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን እየቀለደ አልነበረም። እኔም ከዚያ በኋላ ስለ ማስተርስ ቤት ውስጥ አላነሳሁም፤ ምዝገባውም አለፈ።

ክረምቱ ግን ምዝገባ አያልፈውም። ዘንድሮ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት የሰፈሩ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ተሰበሰበና «የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ የቦዩን መስመር አሳዪን» አለኝ። በመጀመሪያ ዲግሪዬ የቻልኩትን ያህል አሰብኩ፤ በገመድ መስመር ዘረጋሁ፤ ተቆፈረ። በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ውሃው በደጃችን ሳይደርስ በቦዩ አለፈ። አልፎም በቀጥታ እትዬ ዓለምፀሐይ ቤት ገባ።

ሮጬ ስደርስ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በባልዲ ውሃ እየቀዱ ያፈሱ ነበር። ማልቀስ ጀመርኩ። እርሳቸው ግን ቀና ብለው አዩኝና፣ «ይኸውልሽ፣ የቀረሽ ትምህርት ይቺ ነበረች» ብለው ባልዲውን አቀበሉኝ። እስኪመሽ አብረን ቀዳን። በሳምንቱ ቦዩን እንደ ገና ቆፈርነው፤ አሁን ወዴት እንደሚሄድ ግን እውነቱን ለመናገር አላውቅም።

ክቡር ኃላፊ፣ በመጪው ዓመት ፈተናውን እንደ ገና እፈተናለሁ፤ ካለፍኩም ያለ አንዳች ኀፍረት በርዎን አንኳኳለሁ።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ከጥያቄዬ ግን ዝቅ ሳልል፣
አክባሪዎ ኡመይማ አማን
ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ በላይ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። አስቀድሜ ለመዝገብ ቤታችሁ ላስገባ መጥቼ ነበር፤ ሠራተኛው ቅሬታ ማቅረብ የሚችለው የተመዘገበ ተማሪ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። ያልተመዘገብኩት ቅሬታ ባቀረብኩበት ጉዳይ ምክንያት መሆኑን ሳስረዳቸው አዘኑልኝ፤ ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው መልሰው፣ «እሱን ቅሬታሽ ላይ ጻፊው» አሉኝ።