ሰው ሳይወጣ

ኅዳር 14፣ ጎንደር

የተንጠልጣይ ድልድይ ገመድ ላይ እየሄደ እንዳይዝግ ግራሶ ለሚቀባው ማሽናችን ያስገባሁትን የፓተንት ማመልከቻ መርማሪው ዛሬ መለሰው። «ሰው ሳይወጣ ይሠራል» ያልሁትን አስምሮበታል። «ግልጽ አይደለም። መሐል ላይ ቢቆም በምን ይወርዳል?» ይላል።

ስረግመው አረፈድሁ። መልሱን ግን አውቀዋለሁ። ከኮሶዬ በታች ባለው ድልድይ ስንሞክረው መሐል ላይ ቆመ። አብሮኝ የበየደው አያ ሞላ ሊያወርደው ወጥቶ ወደቀ። ወገቡ አልታዘዝ ካለ ይኸው ስድስት ወሩ።

ከሰዓት ቤቱ ሄጄ ደብዳቤውን አነበብሁለት።

«ምነው፣ ሰው ይወጣል ብለህ አትጽፍም? እኔ ወጥቼ የለ?» አለኝ።

«እንዲያ ከጻፍሁማ ማን ፓተንት ይሰጠናል?» አልሁት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሰው ሳይወጣ» የሚለውን እስካሁን አልሰረዝሁትም።