ስለ «የማይለቅ» ትርጉም፣ ለሕንፃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ

ለተከበሩ ኃላፊያችን፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ከመጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ስለሆነ ግን አንድ ቃልዎ ከብዶኝ ማብራሪያ ልለምንዎ ተነሣሁ።

እንደሚያውቁት፣ ሠራተኞችዎ ሊፈርስ የተወሰነውን ባዶ መጋዘን ምልክት ሊያደርጉበት መጥተው በር ተሳሳቱና የእህቴን ልጅ ግድግዳ በቀይ ቀለም ኤክስ አደረጉት። ልጅቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አልጋዋም፣ የስፌት መኪናዋም፣ ልጆቿም ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ናቸው።

አንደኛ፣ «ጥፋቱ የኛ ነው፣ እህቴ» ብለው በገዛ አንደበትዎ ስላመኑላት አመሰግናለሁ። የዋህ ናትና ምልክቱ የሚነሣላት መስሏት መረቀችዎ።

ሁለተኛ፣ ቀለሙ «የማይለቅ» በመሆኑ ሊነሣ እንደማይችል በትዕግሥት ስላስረዱን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በቤንዚንም በሽቦ ብሩሽም ፈትገን አረጋግጠናል፤ ግድግዳው አለቀ እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም።

ሦስተኛ፣ መጋዘኑ ምልክት ስለሌለበት እንደማይፈርስ ሰምተን ደስ ብሎናል። አይጦቹም ሰላም ብለውዎታል።

ያልገባኝ አራተኛው ነው። አፍራሾቹ የሚያዩት ምልክቱን እንጂ ስህተቱን አለመሆኑን ገልጸው፣ «እንግዲህ ቀለሙ ካልለቀቀ እናንተ ልቀቁ» ብለውናል። እኔ እስከማውቀው እድፍ ይለቃል፣ ትኩሳት ይለቃል፣ ተከራይ ይለቃል፤ ሹምም ጊዜው ሲደርስ ሥልጣን ይለቃል ሲባል ሰምቻለሁ፣ በዓይኔ ባላይም። መርፌ እየወጋት ያሠራችውን ቤት አንዲት ሴት በምን ሕግ እንደምትለቅ ግን ከየትኛውም መዝገበ ቃላት አላገኘሁም።

መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ሰኞ ዶዘሩ እንደሚመጣም አውቃለሁ። ትናንት ዕቃ ስናወጣ እሷ የሰው ቀሚስ ይዛ እየሰፋች ነበር፤ የቀጠሮ ሥራ ነውና። ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ስነግራት፣ «ጋሼ፣ ይቅርብህ፤ አንተንም አስረውህ ደግሞ ምሳ ላመላልስልህ?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ከደረጃዎ ግርጌ ቆቤን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣
የልብስ ሰፊዋ አጎት

ማስታወሻ፦ ያንን ቀለም ከየት እንደገዙት ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም። ከሰኞ በኋላ የምትጠጋበት ክፍል ካገኘች፣ በሩ ላይ ስሟን ልጽፍላት አስቤአለሁ፤ በዚያ ቀለም የተጻፈውን የሚያነሣ ባለሥልጣን እንደሌለ ከእርስዎ ተምሬአለሁና።