ባሕሩን ሥራ ያስያዙት በያጅ

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በዚህ ወረቀት ላይ የሰፈረው ሁሉ አንድም ሳይቀር እውነት ነው። በእናታችንና በአባታችን አጥንት እምላለሁ። በዚህ ሰፈር የእኔን ወሬ የሚያምን ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ጆሮው ከብዷል፤ አውቃለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ደክሞት የቀረ፣ ፊደሌም ቁጥሬም ጎባጣ ነው። ነገር ግን ታሪካቸውን እኔ እንድጽፍ ያዘዙት ሟቹ ራሳቸው ስለሆኑ፣ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ፤ ነገር ብስት ግን አጥንታቸው ይፋረደኝ።

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ዘዋሪ» የሚላቸው፣ እኔ ግን ጋሼ የምላቸው ታላቅ ወንድሜ፣ መረብ ይጠግኑ ከነበሩት አባታችንና ዓሣ እያደረቁ ከሚሸጡት እናታችን በ1947 ዓ.ም. በጠባቡ የባሕር መተላለፊያ ዳር፣ አንድ መስኮት ባላት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። መስኮቷ ወደ ውሃው ነው የምታየው። በዚያን ዕለት ባሕሩ ከወትሮው እጅግ ጎድሎ ስለነበር፣ አዋላጇ ከማዶ የመጡት በጀልባ ሳይሆን በእግራቸው ነው፤ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው የባሕሩን ወለል ረግጠው ተሻገሩ። ልጁን አዋልደው ደጅ ሲወጡ ውሃው ሞልቶ መመለሻ አጡ። ጀልባ እስኪገኝም ሁለት ቀን እኛ ቤት ተቀመጡ። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ አዋላጇ እስኪሞቱ ድረስ የመሰከሩት ነው።

ጋሼ በ1954 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምረዋል። የአባታችን ዓይን ደክሞ ክር ማየት ሲያቅታቸው፣ በ1962 ዓ.ም. የቤቱን ቀዳዳ ለመድፈን የጀልባ ጥገና ጋራዥ ተቀጠሩ፤ ብየዳም እዚያ ለመዱ። የጋራዡ ባለቤት «ይሄ ልጅ ብረት ሲያይ ዘመዱን ያየ ይመስለዋል» ይሉ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ልብስ ሰፊ የሆኑትን ባለቤታቸውን አገቡ። ለሠርጋቸው የመጡት አንድ ቅንድባቸው በብየዳ ተቃጥሎ ነው። ሙሽሪት ሌላኛውን በመቀስ አስተካክለውላቸው ፎቶ ተነሡ። ፎቶው አለ፤ የማያምን ሄዶ ይመልከት። ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደዋል።

ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ መስመሩ በጣራችን ላይ አልፎ ማዶ ላለው ፋብሪካ ይሄድ ነበር እንጂ ለእኛ አያወርድም ነበር። ሰፈሩ የሚያበራው ላምባ ነበር። በ1980 ዓ.ም. የእናታችን ላምባ ተገለበጠች። ደርሰን በሩን ስንሰብር ጣራው ወርዶ ነበር፤ እናታችንን ከነአልጋቸው አጣን።

ከቀብሩ በኋላ ጋሼ ሦስት ቀን ውሃው ዳር ተቀመጡ። እኛ ሐዘኑ አእምሯቸውን ነካው ብለን ፈራን። በሦስተኛው ቀን ጠርተውኝ፣ «ይሄን ባሕር እየው» አሉኝ። «በቀን ሁለቴ ሞልቶ፣ ሁለቴ ጎድሎ፣ አራቴ በደጃችን ይሮጣል። እንዲህ የሚሮጥ ጉልበተኛ ሥራ ፈትቶ እናቴ በላምባ ትቃጠል?» ለቅሶ ላይ የነበረው ጠላቂው ወንድማችን፣ ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ የሚበልጠው፣ «ጋሼ፣ ባሕሩን ልትቀጥረው ነው እንዴ?» አላቸው። «አዎ» አሉት፤ አልሳቁም።

መንኮራኩሩን ለመሥራት አራት ዓመት ፈጀባቸው። ቁመቱ ሁለት ሰው አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ቢቆም ያህላል። ክንፎቹ ከተጣለ መርከብ የተቆረጠ ላሜራ፣ ወገቡ የጭነት መኪና አክስል፣ ዲናሞው ባለቤቱ እንደ ሬሳ ጥሎት የሄደ የፋብሪካ ዕቃ ነው። ኩሽኔታዎቹን ጨው እየበላቸው ስድስት ጊዜ ቀይረዋል። ሰፈሩ «በያጁ ባሕር ሊበይድ ነው» እያለ ይስቅ ነበር። የመጀመሪያውን መንኮራኩር ባሕሩ ሰበረው። ሁለተኛውን ነቅሎ ወሰደው፤ ነገር ግን ከስድስት ሰዓት በኋላ ሲሞላ ራሱ መልሶ ከነቡሎኑ ደጃችን ላይ አስቀመጠው። ጋሼም «አያችሁ፣ ሥራውን ፈልጎታል» አሉ። ሦስተኛው በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት የድንጋይ ግንቦች መሐል፣ ውሃው በሚጠብበት ጉሮሮ ላይ ተተክሎ ጸና።

ጋሼ ዋና አይችሉም ነበር። ሲጠየቁ «ከሠራተኛዬ ጋር መንቦጫረቅ ክብሬን ይነካል» ይሉ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዋ አምፖል ፀጉር ቆራጩ ቤት በራች። ፀጉር ቆራጩ ደንበኛውን ግማሽ ጢሙን ላጭቶ ትቶት ወደ ጎዳናው ሮጠ። ደንበኛውም ግማሹን ጢም «ለማስረጃ» ብሎ አንድ ሳምንት ይዞት ዞረ። በዓመቱ መጨረሻ ሦስት መቶ አርባ ቤቶች መብራት አገኙ፤ ዋጋውም ለላምባ ከሚያወጡት ግማሹ ነበር።

ባሕርን የሚቀጥር ሰው ግን ዕረፍቱንም ማወቅ አለበት። ውሃው ከሙላት ወደ ጉድለት፣ ከጉድለት ወደ ሙላት ሲዞር ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆማል። መንኮራኩሩም ይቆማል፤ መብራቱም ይጠፋል። ይህን «የውሃው ዕረፍት» እንለዋለን። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ደጅ ይወጣል፤ የሰፈሩ እርቅም ጠብም በዚያች ሃያ ደቂቃ ነው የሚያልቀው። ዕረፍቱ በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ስለሚዘገይ፣ ጋሼ ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ሰዓት እያሰሉ በማሽኑ ክፍል በር ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ይጽፉ ነበር። ጠላቂው ወንድማችን ያን አይቶ ይገባና ክንፎቹ ላይ የተጠመጠመውን አረምና ገመድ በቢላዋ ያጸዳል። መንኮራኩሩ ፍሬን ነበረው። ነገር ግን ፍሬኑ ዝጎ ለመያዝ ሁለት ሰውና ግማሽ ሰዓት ይፈልግ ስለነበር፣ ልማዳችን «ውሃው ራሱ ፍሬን ነው» ሆነ። ሰሌዳው ዕረፍት ነው ካለ ፍሬን የሚነካ አልነበረም።

መጋቢት 14 ቀን 1990 ዓ.ም. ጋሼ የትናንቱን ሰዓት ሳይቀይሩ ጻፉ። ዕረፍቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት መሆን ሲገባው፣ ሰሌዳው ላይ የነበረው አራት ሰዓት ከአሥር ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ጠላቂው ይመጣል፣ መንኮራኩሩ ሲዞር ያያል፣ ሁላችንንም ተሳድቦ ይቀመጣል፤ ነገሩ በሳቅ ያልቃል። ያን ዕለት ግን ተቆርጦ የመጣ የዓሣ መረብ ክንፎቹን ጠፍሮ መንኮራኩሩን አቁሞት ነበር። ውሃው ከሥር ይሮጣል፤ መንኮራኩሩ ቀጥ ብሏል። በሚወረድበት ደረጃ በኩል ደግሞ ግንቡ ስለሚከልለው ውሃው የረጋ ይመስላል። ጠላቂው ሰሌዳውን አየ፣ የቆመውን መንኮራኩር አየ፣ «ዛሬስ ከእኔ ቀድሞ ተኝቷል» ብሎ ገባ። የመረቡን የመጨረሻ ክር ሲቆርጥ መንኮራኩሩ ተለቀቀ።

ዋና የማይችሉት ጋሼ ከነጫማቸው ዘለው ገቡ። ሁለቱንም ጎትተን አወጣን፤ የተነፈሰው አንዱ ብቻ ነው።

ጋሼ ልብሳቸው እየተንጠባጠበ ወደ ማሽኑ ክፍል ሄዱና ሰሌዳውን በእርጥብ እጅጌያቸው ጠረጉት። ያየ ሰው ሁሉ «ጥፋቱን ሊደብቅ ነው» አለ። መርማሪው ሲመጣ ግን ገና ሳይጠየቁ «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የትናንቱን ነው የጻፍኩት» አሉ። ጥፋቱን ደብቆ ወዲያው የሚናዘዝ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ሁለት ዓመት ታሰሩ። መንኮራኩሩ ቆመ፤ ሰፈሩ ወደ ላምባው ተመለሰ።

በ1992 ዓ.ም. ተፈትተው ሲመጡ ሰላምታ የሚሰጣቸው ጠፋ። «ወንድሙን የፈጨ» የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር፤ እሳቸው ባሉበት ዝም ይባላል፣ ዞር ሲሉ ይባላል። እሳቸውም ፍሬኑን አውልቀው አዲስ ሠሩ፤ የፍሬኑ ቁልፍ በሚጠልቀው ሰው አንገት ላይ ካልተንጠለጠለ ማንም ውሃ እንዳይገባ ደነገጉ። በ1993 ዓ.ም. መንኮራኩሩን እንደገና አስነሡት። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው አልተጎዳም። መብራቱን ሁሉም ወሰደው፤ ስሙን ግን ማንም አልመለሰላቸውም።

መብራቱን ያልወሰደው አንድ ቤት ብቻ ነው። የጠላቂው ሚስት «ባሌን የበላ መብራት ቤቴ አይገባም» ብለው ሽቦውን ከግድግዳቸው ላይ አስቆረጡ። ያን ጊዜ ልጃቸው የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። እናቷ ካረፉ በኋላም ቃላቸውን አላጠፈችም። ዛሬ አስተማሪ ናት፤ የተማሪዎቿን ደብተር የምታርመው በሻማ ነው፤ መነጽሯም ከዓመት ዓመት ይወፍራል። ጋሼን መንገድ ላይ ስታገኛቸው ወደ ማዶው ትሻገር ነበር። እሳቸው ግን ወደ ቤቷ የሚሄደውን ሽቦ ጨው እንዳይበላው በየዓመቱ መሰላል ተሸክመው ሄደው ይቀይሩት ነበር፤ ከበሯ በላይ ጠቅልለው፣ ጫፉን በላስቲክ ሸፍነው ይመለሳሉ። አንኳኩተው አያውቁም።

በ2014 ዓ.ም. የብየዳው ጢስ ሳንባቸውን እንደጨረሰው ሐኪም ነገራቸው። አልጋቸው ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ሰዓት ሳያዩ «አሁን ዞረ» ሲሉ መብራቱ ይጠፋል፤ አንድም ቀን አልሳቱም። መናገር ሲያደክማቸው ጠርተውኝ «ታሪኬን አንተ ጻፈው» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ እኮ ውሸታም ነኝ» ብላቸው፣ «ለዚህ እኮ ነው። አንዲት ውሸት ብቻ ተፈቅዳልሃለች፤ የትኛዋ እንደሆነች ታውቃለህ» ብለው ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ።

ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። በውሃው ዕረፍት ሰዓት ሞቱ ብል ያምርልኝ ነበር። ነገር ግን የሞቱት ረፋድ ላይ፣ በውሃው ሩጫ መሐል፣ የቤታቸው ቆጣሪ እየዞረ ሳለ ነው።

ጋሼ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም «ከልጆቼ ጋር ቁጠራት» ብለው ያዘዙኝን የጠላቂውን ልጅ ትተው አልፈዋል። በሕይወታቸው ዕረፍትን ለሌላው እየጻፉ ለራሳቸው ያላገኙትን እኚህን ሰው፣ ፈጣሪ ሃያ ደቂቃ ብቻ ሳይሆን ለዘለዓለም ያሳርፍልን፤ ለእኛም የሚጽናና ልብ ይስጠን።

ይህን ቀብሩ ላይ ለለቀስተኛው የምታነብልኝ ወዳጄ፣ ቀጣዩን እንዳትዘለው፤ ወረቀቱ ላይ ታትሟል፣ ብትዘለውም ያዩታል።

መጀመሪያ ላይ ስለማልኩ፣ አንዲት ነገር ፈጥሬ ማስገባቴን መናገር አለብኝ። አዋላጇ አይደሉም። ግማሹ ጢምም አይደለም። ጋሼ በዚያን ዕለት የትናንቱን ሰዓት ጻፉ ያልኩት ውሸት ነው። እሳቸው በትክክል አምስት ሰዓት ብለው ጽፈው ወደ ብየዳቸው ሄደዋል። አጥፍቼ አራት ሰዓት ከአሥር ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጠላቂው ወንድሜ የጎማ ልብሱን ለብሶ ሃምሳ ደቂቃ ብርድ ላይ ሲገተር ልስቅበት፣ ፀጉር ቆራጩ ደጃፍ ተቀምጬ እጠብቅ ነበር። መረቡን አላየሁም። ጋሼ ከውሃው ወጥተው ሰሌዳው ላይ ያዩት፣ ትምህርት ቤት ስገረፍባት የኖርኩትን ጎባጣዋን አራት ቁጥሬን ነው፤ በእጅጌያቸው የጠረጉትም እሷን ነው። እስር ቤት ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለቅስ፣ «ከሦስታችን አንዱን ውሃ ወሰደው። ሌላውን ለሰው አልሰጥም። ዝም በል» አሉኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ዝም አልኩ። የፈቀዱልኝን አንድ ውሸት ከላይ ጽፌዋለሁ፤ እዚህ ግን ልሸከመው አቃተኝ።

የጠላቂው ልጅ፣ በሻማ የተቀመጥሽው ቁጣ በማይገባው ሰው ላይ ተቆጥተሽ ነው። እኔን ደጅሽ አታድርሺኝ፤ ሐቅሽ ነው። ሽቦው ግን ከበርሽ በላይ ተጠቅልሎ አለ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የቀየሩት መሰላሉ ላይ ቆመው እያሳሉ ነው። ቁጥሩ የእኔ ነበር። መብራቱ የእሳቸው ነው።