ነርሷን ሃዊ ገዛቻት

ሐምሌ 3፣ ሰኞ፣ ከእራት በፊት

ዛሬም ተሸነፍን። መብራት የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንዳችን ሌላችንን አንሰማም። ገመቹ የስልኩን ባትሪ ካርዶቹ ላይ ያበራል፣ እህቱ ሃዊ ክምሯን እየበወዘች ታጉረመርማለች። እናታቸው አዴ ጫልቱ፣ ያከራዩኝ፣ ከጓዳ ብቅ ብለው ማን አሸነፈ ይላሉ። ማንም። መጀመሪያ ካርድ ሲያዩ ቁማር መስሏቸው ሊያባርሩን ነበር። አሁን ከእኛ በላይ የሚናደዱት እሳቸው ናቸው።

ደብተሬ፣ ጨዋታውን አስረድቼህ አላውቅም። ወንድሜ ከአዲስ አበባ የላከልኝ ሳጥን ነው። ሦስታችን ጀግኖች ነን፤ በአንድ ወገን ሆነን አንድ ክፉ ሰውዬ እንገጥማለን። ሁላችንም በደካማ ካርድ እንጀምርና ከመሃል ጠንካራውን እየገዛን የየራሳችንን ክምር እናሳድጋለን። ካሸነፍን አብረን፣ ከተሸነፍንም አብረን። ክፉውን ገመቹ «ቆጣሪ አንባቢው» ብሎታል፤ ኮት ለብሶ ወረቀት ይዟል። የእኔ ሥራ ነርሷን መግዛት ነው፣ ቁስለኛ የምታድነዋን። ያለ እኔ ሁለቱ ቶሎ ይሞታሉ። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፣ ለአንተ አልዋሽም።

ሐምሌ 5፣ ረቡዕ

የምሠራበት ባንክ ሥ/አስኪያጅ ጠራኝ። ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ቦታ ተከፍቷል፣ እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ እሺ ወይ እምቢ በይ አለኝ። ኮምቦልቻ። እናቴ ያለችበት፣ ብቻዋን፣ ከዚያ ከታመመ ጉልበቷ ጋር። እልል ማለት ነበረብኝ። ከባንክ በእግሬ መጣሁ። ባጃጅ አለፈኝ፣ ሌላም አለፈኝ፣ ጫማዬ ጭቃ ሆነ።

ዝውውር ማመልከቴን ለሃዊም ለገመቹም ነግሬያቸው አላውቅም። ዛሬም አልነገርኩም። ንጹህ ልብስ አውጥቼ አጠብኩ።

ሐምሌ 8፣ ቅዳሜ

ሃዊ ነርሷን ገዛች። የእኔን ካርድ። ተሳስታ ነው አልኩ። በሚቀጥለው ጨዋታ ደግማ ገዛች። ምነው ስላት ቀና እንኳ አላለችም፤ እኔም አንዳንዴ ላድን እንጂ አለች። ገመቹ ሳቀ። ሳቁ ደስ አላለኝም።

እሑድ

ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ሻንጣ አወጣሁ። መለስኩ። እንደገና አወጣሁ።

ሐምሌ 10፣ ሰኞ

ገባኝ። ሃዊ ነርሷን፣ ገመቹ ጋሻውን። እኔ የምገዛውን ሁሉ ቀድመው ይገዛሉ። ያለ እኔ መጫወት እየተለማመዱ ነው። ያውቃሉ ማለት ነው። ከሃዊ ጋር ኳየር የምትዘምር ልጅ እኛ ባንክ ናት፤ ነቀምቴ ውስጥ ደግሞ ምን ይደበቃል።

ሳልሄድ አስወጡኝ። ራሴን አሞኛል ብዬ ተነሳሁ። ሳጥኑ የእኔ ነው፣ ይዤው ብሄድስ?

ሐምሌ 12፣ ረቡዕ

ዛሬ እናንተው ተጫወቱ ብዬ ሳጥኑን ሰጠኋቸው። ግድግዳው ስስ ነው፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሁሉን እሰማለሁ። ካርድ ተበወዘ፣ ቆይቶ እንደገና ተበወዘ። ከዚያ ድንገት ጩኸት። አሸነፍን፣ አሸነፍን፣ ቆጣሪ አንባቢው ወደቀ! ለሦስት ሆነን አንድ ቀን እንኳ ያልጣልነው ሰውዬ።

አለቀስኩ። አንድ ጊዜ ታምሜ ሁለት ሳምንት አልጋ ስይዝ ሾርባ ያመላለሰችልኝን ሃዊን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ ስል ነበር የሰነበትኩት። ለካ አላስፈልጋቸውም።

ሐሙስ፣ ጠዋት

አዴ ጫልቱ ጎመናቸውን ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። እንኳን ደስ አለዎት፣ ልጆችዎ አሸነፉ አልኳቸው። ለቀልድ እንኳ የማይዋሹ ሴት ናቸው።

«ማን? ተሸነፉ እኮ፣ ኢንተለ ኮ። ሁለቴ ተጫወቱ፣ ሁለቴ ተሸነፉ። ከዚያ ገመቹ ወደ አንቺ ግድግዳ ዞሮ ጩኺ አላት፣ ጮኹ። እኔም እንዳጨበጭብ ጠየቁኝ፤ እንዲህ ላለ ነገር አላጨበጭብም አልኩ።»

ኢንተለ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚህ ነው የሚጠሩኝ።

እንድሰማ ነው የጮሁት። ያለ እኔ የሚችሉ መስሎኝ፣ ልቤ እዚህ ሳይቀር ወደ እናቴ እንድሄድ። ውሸታሞች። ባንክ እስክደርስ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ፤ ሹፌሩ ጃባዹ፣ በርቺ አለኝ፣ ምን እንደሆንኩ ሳያውቅ።

ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ

ሥ/አስኪያጁን እሺ አልኩት። እሄዳለሁ። ሳጥኑ እዚህ ይቀራል።

ማሸነፋቸውን አምኜ እንደሄድኩ ያስቡ፤ የአዴ ጫልቱን ነገር አላነሳም። ግን ሃዊን ሳላስተምራት አልሄድም። ነርሷን የምታወጣት ሰው ሊሞት ሲል ነው፣ የሚሸነፉትም ለዚህ ነው። ዛሬ ነርሷን ትግዛ፣ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አሁን በሩን እየደበደበች ነው። ኮቱ፣ ነይ እንጂ ትላለች። መጣሁ። መጀመሪያ የምነግራት፣ ገና ክፉኛ ሳትቆስሉ ነርሷን አውጫት የሚለውን ነው።