ዝምድና በሚለው ክፍት ቦታ

ሰኞ

ሴትዮዋን ቤቴ አስገባኋት። ምን እንደነካኝ እንጃ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሆስፒታሉ አጥር ሥር ሦስት ድንጋይ ጎልታ ስታበስል አያታለሁ። ዛሬ ዝናቡ እሳቷን አጠፋባት። ድስቷን በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች፤ እሷ ትበሰብሳለች፣ ድስቱ እንዳይረጥብ ትጠነቀቃለች። ማለፍ አቃተኝ።

አመነች ትባላለች፤ ከገረሴ ነው የመጣችው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ የአልማዝ የእግር አጥንት መግሏል። ሐሙስ ኦፕራሲዮን ትደረጋለች፤ ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ትተኛለች ተብሏል። ልጅቷ እናቷ ካላጎረሰቻት አትበላም። ገረሴ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ምሳ አብስለው ይዘው የሚመላለሱበት አገር አይደለም። ድሮ እንደ እሷ ያሉት አስታማሚዎች ጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያድሩ ነበር። እሱም በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ የቀራቸው አጥሩ ነው።

«ቲቸር፣ እግዚአብሔር ይስጥህ» አለችኝ።

«ይስጥሽ ነው የሚባለው፤ ሴት ነኝ» ብዬ አረምኳት። ውሃ እየተንጠባጠበባት! ሃያ ዓመት አማርኛ ማስተማር እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ። አንዳንዴ ራሴን አልወደውም።

ማክሰኞ

ቀበሌ ሄጄ እንግዳ አስመዘገብኩ። ከገበሬ ማኅበሯ ያመጣችው መሸኛ አለ፤ ችግሩ እሱ አይደለም። ቅጹ ላይ «ዝምድና» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ ባዳ ማሳደር አይፈቀድም። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ እሷ የገረሴ። አክስቴ እንዳልላት በዕድሜ እበልጣታለሁ። «እህት» ብዬ ሞላሁ። ጸሐፊው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «እህት» ከሚለው ሥር አሰመረበት። ማስመሩ አላማረኝም።

ቤት ስገባ ተጠርጎ ጠበቀኝ። ከበቆሎ ዱቄትና እነሱ ሃለኮ ከሚሉት የሽፈራው ቅጠል ኩርኩፋ የሚባለውን ድብልብል ቅቅል ሠርታ ለልጇ አድርሳ፣ የኔን ድርሻ ከድናልኛለች። ጨው አንሶታል። ቢሆንም ሁለቴ አስጨምሬ በላሁ።

«ጣፈጠህ?»

ጣፈጠሽ። ደግሜ አረምኳት። አይሰለቸኝም እኔን!

ረቡዕ

የቀበሌው አብዮት ጠባቂ የማስተምርበት ክፍል ድረስ መጥቶ፣ ተማሪዎቼ ፊት መጥሪያ ሰጠኝ። ነገ ሦስት ሰዓት ቀበሌ፣ ከእንግዳዬ ጋር። አልማዝ ኦፕራሲዮን የምትገባው አራት ሰዓት ነው።

ለምን እንደተጠራሁ የገባኝ መንገድ ላይ ነው። ጴንጤዎቹ እርስ በርስ የሚጠራሩት እህት፣ ወንድም እያሉ ነው! ቤቷን የጸሎት ቤት አደረገችው ብለዋል ማለት ነው። እኔ ለራሴ ቤተ ክርስቲያን ከረገጥኩ ስንት ጊዜዬ። ከሁሉ ቃል መርጬ ያንን ልጻፍ?

ሊመጣ የሚችለውን ቆጠርኩ። መታሰሬ፤ ከሥራ መታገዴ። አመነችን በመኪና ጭነው ወደ ገረሴ መመለሳቸው። ሦስተኛው ነው ያስፈራኝ። አልማዝን ብቻዋን ትታ እንደማትሄድ አውቃለሁ፤ ተሸክማት ትሄዳለች። ያ እግር ደግሞ ሳይታከም ከሄደ ይቆረጣል ብሏል ሐኪሙ።

ለአመነች አስረዳኋት። እዚያ እህት የሚለው ቃል ጥሩ አይደለም፣ አንቺ ዝም በይ፣ እኔ እናገራለሁ አልኳት።

«ለምን ይፈሩታል?» አለችኝ።

የተማሪዎቼን ደብተር ስቤ ማረም ያዝኩ። እሷ ድስቷን ታጥብ ጀመር።

አልማዝን ልጠይቅ ሄድኩ። ነገ ኦፕራሲዮን ስገባ እናቴ ደጅ ላይ ትኖራለች ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ማን ሥልጣን ሰጥቶኝ!

ሐሙስ

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ቅጹን ዘርግቶ ጠበቀን። «ጓድ መምህርት፣ ይህች እህትሽ የሥጋ ናት የመንፈስ?» አለኝ። ገና ሳልመልስለት ወደ አመነች ዞረ።

«አንቺ፣ ይህች ሴትዮ ምንሽ ናት?»

አመነች ትክ ብላ አየችኝና፣ «ወንድሜ ነው» አለች።

መጀመሪያ ሳቅ ያመለጠው ጸሐፊው ነው፤ መዝገቡ ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይርገፈገፋል። ሊቀ መንበሩ ኮስተር ሊል ሞከረ።

«ወንድምሽ ነው?»

«አዎ። ቲቸር ጥሩ ሰው ነው።»

ሊቀ መንበሩ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ። ሳቁ ሲበርድለት፣ እህት ማለት የማይችል ጴንጤ እስከ ዛሬ አላየሁም ብሎ ማኅተሙን መታ። አሥራ አምስት ቀን ፈቀደልን። ለኔም ምክር ጨመረልኝ፦ ማስተማሩን ከቤትሽ ጀምሪ።

ወደ ሆስፒታሉ እየሮጥን ነው የጠየቅኳት። ወንድሜ ያልሽው ተሳስተሽ ነው?

እርምጃዋን አላቆመችም። «አንቺ እህቴ ነሽ» አለችኝ። «እዚያ ግን ያንን ቃል ይፈሩታል።»

የማርመው አጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ የደብረ ማርቆሷ ኮስታራ እኔ። አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረስን። አልማዝን በአልጋ ሲገፏት እናቷን አይታ እጇን አነሳች።

ዓርብ

መግሉ ወጥቷል፤ እግሩ አልተቆረጠም። ግን ትኩሳት አላት። ሐኪሙ እስከ እሑድ ካልበረደ እንደገና እንከፍታለን አለ። ጠዋት አመነች ሦስት ጉርሻ አጉርሳት ነበር፤ አንዱን መለሰችው። ሁለቱ ሆዷ ውስጥ ቀርቷል።

«ቲቸር፣ ቁርስ በላህ?» አለችኝ ከሆስፒታል ስትመለስ። ፊቷን አየሁት፤ ምንም አይነበብበትም።

በላሁ አልኳት። ድስቱን ተቀብያት የአልማዝን ምሳ አብረን ጣድን። እሑድን እየጠበቅን ነው።