ቁጥር ሁለት ማን ነው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ልጄ የፎቶ ቤቱን ቁልፍ ተቀበለኝ። ጃጅተሃል ነው ነገሩ... "ትንሽ ይረፉ አባባ" ብሎ በጨዋ አፍ። ቅዳሜ የሰርግ አልበም እያተመ ኮምፒውተሩ ግሎ ድርግም አለበት። ያን ቀን ጉልበቴን አሞኝ ቤት ነበርኩ፤ የከፈተው እሱ፣ ጥፋተኛው እኔ። ማራገቢያውን ያስተካከልኩት እኔ ነኛ።

ደግሞም በደንብ ነው ያስተካከልኩት። የሙቀት ፕሮግራሙ ሦስት መስመር ያሳያል። ሙቀት 1፣ ሙቀት 2፣ ሙቀት 3። ሙቀት 2 የፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል ነው። ሁለት ሲግል ማራገቢያው ይፍጠን ብዬ አዘዝኩ። ማንም ሳያስተምረኝ ራዲዮ እየፈታሁ የተማርኩ ሰው ነኝ። አንድና ሁለት አይምታቱብኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

እኔ ባቋቋምኩት ቤት፣ በር ላይ ቆሜ እስኪከፈት ጠበቅሁ።

ኮምፒውተሩ ዛሬም ጠፋ። ትናንትም ጠፍቶ ነበር አለችኝ ምራቴ።

"አሁንስ ማን ነካው?" አልኩት ልጄን።

"የእርስዎ ትእዛዝ እኮ እዚያው ውስጥ ነው አባባ።"

ብነካም እኔ፣ ባልነካም እኔ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ሳጥኑን በእጄ ዳሰስኩት። ያቃጥላል። ስክሪኑ ግን ሙቀት 2፣ ሠላሳ አራት ዲግሪ ይላል። ማራገቢያው እንደ ጠገበ ድመት ተኝቷል። ሠላሳ አራት? ምን ሆኖ?

"ቁጥሬን የቀየርከው አንተ ነህ" አልኩት፣ ደንበኛ ፊት።

"ማንም አልቀየረም። ረስተውት ነው።"

"እኔ አልረሳም።"

"እሺ አባባ።"

ከዚህች እሺ ስድብ ይሻለኛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

መስመሮቹ አራት ናቸው። ሦስት አልነበሩም? ወይስ እውነትም ጃጅቻለሁ...

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ልጄ ወረቀት ሊገዛ ወጣ። ምራቴን ጠራኋት።

"ይሄ አራተኛው ከየት መጣ?"

አየት አደረገችው። "የሱ የፋይል ማስቀመጫ ዲስክ ይሆናል። ማታ ቤት ይሠራበታል፣ ጠዋት ሰክቶት ነው ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው።"

ዲስኩን ነቅለን አስነሳን። ሦስት መስመር፤ ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ። ሰክተን አስነሳን። አራት! ሁለተኛው ዲስኩ ሆኗል፣ ፕሮሰሰሩ ወደ ሦስት ተገፍቷል።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ባለቤቱን ከወንበሩ የሚያስነሳ ፕሮግራም... የሠራው ሰውዬ ልጆቹን የሚጠራው በቆሙበት ተራ ነው? ማራገቢያው ምን ያድርግ። ቀዝቃዛው ዲስክ እስኪግል ሲጠብቅ ፕሮሰሰሩ ተቀቀለ። እኔ ስከፍት ዲስክ የለም፤ እሱ የከፈተ ቀን ነው የሚጠፋው።

ቁጥሩን ሰርዤ ማራገቢያውን በፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም አሰርኩት። ስም እንደ ቁጥር አይገፋም።

"ልንገረው?" አለችኝ።

"ብትነግሪው አላውቅሽም።"

"ታዲያ ጃጅተዋል እንደተባለ ይቅር?"



ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ነገረችው። አፏን መያዝ እንደማትችል አውቄ ነበር።

ማምሻውን ክፍሌ መጣ። አልተቀመጠም።

"አባባ፣ ለካ..."

"ለካ ምን?"

"ለካ ዲስኩ ነበር።"

እና ዲስኩን ማን ሰካው? ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ነገ ማን ይክፈት?" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

"ድሮስ ማን ነበር የሚከፍተው?"

እሺ አባባ አላለም። ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አልተነፍስም። ለእሱም፣ ለእሷም፣ ለዚህ ደብተርም። ቢጠይቁኝ ረሳሁት እላለሁ።